የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ፦ ኢንቨርተሩ ለምን ይጮሃል?

ዘንድሮ ክበባችን የከረመው ኢንቨርተር ላይ ነው፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ። ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ ከአምፖሉ በፊት የሚናፍቀን ቬንትሌተሩ ነው፣ ከታይዋን ገበያ ርካሽ ኢንቨርተር ገዝቶ ያስገባ ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ነው፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል ግን እንደተነካ ንብ እያጉረመረመ፣ እየጋለ። ልጆቹ ለምን ብለው ጠየቁ፣ በዚያው ዓመቱ አለቀ።

ነገሩ ሞገዱ ላይ ነው። ከመስመር የሚመጣው በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) የሚመላለስ ለስላሳ ሞገድ ነው፣ ርካሹ ኢንቨርተር ግን የባትሪውን ፕላስና ማይነስ እያገላበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ ይሰጣል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ከ50 ኸርዝ ሌላ 150 አለ፣ የዋናውን ሲሶ ያህላል፣ 250 አለ፣ አንድ አምስተኛ፣ እያለ ይቀጥላል። ለሞተሩ እነዚህ ትርፎች ጩኸትና ሙቀት ናቸው።

ስለዚህ የራሳችንን ሠራን፦ አራት ሞስፌት (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ አንድ አርዱይኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ ኮምፒውተር)፣ 1 ሚሊሄንሪ ኮይል (ከረንቱን የሚያለሰልስ የመዳብ ጥቅል)፣ የመኪና አምፖል። ሁሉም በ12 ቮልት ነው፣ 220 አላስነካኋቸውም፣ ወላጆች አትስጉ። ሞስፌቶቹን በሰከንድ 4000 ጊዜ በፒደብሊውኤም፣ ማለትም የበራበትን ጊዜ እያስረዘምንና እያሳጠርን፣ እያበራን እያጠፋን ለስላሳውን ሞገድ ለማውጣት ሞከርን፣ በተዋስነው ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ስናየው ከረንቱ የመጋዝ ጥርስ አውጥቷል፣ ሪፕል የሚባለው ይሄ ነው፣ በስሌት እስከ 1.5 አምፔር ይደርሳል።

ክርክሩ እዚህ ጋ ጦፈ፣ ሪፕሉን እንዴት እንቀንሰው? ግማሾቹ «አቦ፣ ትልቅ ኮይል እንጠቅልልና እንገላገል» አሉ። ይሠራል፣ ግን መዳብ ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ሌሎቹ ፍጥነቱን ወደ 16 ኪሎኸርዝ እናውጣው አሉ፣ እሱም ይሠራል፣ ግን ሞስፌት በበራና በጠፋ ቁጥር ትንሽ ኃይል ያባክናል፣ በድሬ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት መጨመር ደግሞ እኔን አላሳመነኝም። ያሸነፈችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ምንም እቃ ሳትጨምር ኮዱን ብቻ ቀየረች። አራቱ ሞስፌቶች የሠሩት ድልድይ ከፕላስ 12 ወደ ማይነስ 12 መዝለሉን ትቶ ከዜሮ ወደ ፕላስ 12 ወይም ከዜሮ ወደ ማይነስ 12 ብቻ እንዲዘል፣ ሁለቱ እግሮችም (እያንዳንዱ የላይና የታች ሞስፌት ጥንድ ነው) ለየብቻ እንዲታዘዙ አደረገች፣ ዩኒፖላር ይሉታል። ዝላዩ በግማሽ ቀነሰ፣ ኮይሉ የሚያየው ድግግሞሽ እጥፍ ሆነ፣ ትልቁ ሪፕል ሩብ ላይ ወረደ፣ ወደ 0.375 አምፔር ማለት ነው። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ለኔ ይሄ ነው፣ ሽልማት የወሰደው ግን ሮቦቱ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሞገዱ ዜሮን ሲያልፍ የምትታየዋ ጉብጠት ግን ቀረች። የአንድ እግር የላይና የታች ሞስፌት እኩል ከበሩ ባትሪው ሾርት ስለሚሆን መሀላቸው ትንሽ ክፍተት እንተዋለን፣ ዴድ ታይም፣ ያቺው ክፍተት 150 እና 250 ኸርዙን መልሳ ታስገባለች። መፍትሔው የከረንቱን አቅጣጫ እያዩ የጎደለውን ሰዓት ለፒደብሊውኤሙ መመለስ ነው፣ ግማሹ ተጽፏል። ከባትሪው በኩል የሚታየው 100 ኸርዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ባለ አንድ ፌዝ ኢንቨርተር ኃይሉን በዚያው ምት ስለሚስብ ዩኒፖላሩ አይነካውም፣ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ይፈልጋል።

ኮዱ ላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ አለ። መስከረም ላይ ለመመዝገብ ያሰባችሁ የ9ኛ ክፍል ልጆች ከወዲሁ ብታዩት ጥሩ ነው፣ የ12ኛዎቹ ሄደዋልና ብየዳ የሚችል ሰውም እንፈልጋለን።