ልጆቹ ሳያውቁ የተፈረመው ስምምነት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ታዳጊ ሴት ልጆችን በወሲብ በመበዝበዝ የተከሰሰው አሜሪካዊ ባለጸጋ የጄፍሪ ኤፕስታይን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የሚወራው አብረውት ስለታዩት ባለጸጎች ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ጠበቆች በዝግ የተደራደሩበት ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ከኪርክላንድ ኤንድ ኤሊስና ከሌሎችም የሕግ ድርጅቶች የተውጣጡት ጠበቆቹ፣ ከደቡብ ፍሎሪዳ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጋር ያለመክሰስ ስምምነት ጨረሱ። ስምምነቱ ተባባሪዎቹን ጭምር ከፌዴራል ክስ የሚያድን ነበር።

በጥር 2008 ለተበዳዮቹ የተላከው ደብዳቤ ደግሞ ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ መሆኑን ገልጾ በትዕግሥት እንዲጠብቁ ይጠይቃል። ስምምነቱ ከተፈረመ እኮ ወራት አልፈዋል! ከተበዳዮቹ አንዷ ልጅ ፖስታውን ከፍታ፣ አንብባ፣ በተስፋ አጥፋ ስታስቀምጠው ይታየኛል።

ማንኛውም ተከሳሽ ጠበቃ ይገባዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ለደንበኛ መሟገትና ተበዳይ እንዳይነገረው መሟገት አንድ አይደሉም። የኤፕስታይን ጠበቆች ስለ ስምምነቱ ለተበዳዮቹ ማሳወቂያ እንዳይላክ መቃወማቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በ2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ የተበዳዮች መብት መጣሱን ሲወስኑ ግን ጥፋተኛ የተባለው ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነበር። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ዘገባችሁ ስለ ሕግ ድርጅቶቹም ጻፉ።