ጓርኒሲዮኑ 8.5 ነው፤ ቡናው ምንም አላጠፋም

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ሳይጠገን «ተጠግኗል» ተብሎ ስለተመዘገበው የቤት እስፕሬሶ ማሽን

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የደረሰኙ ቁጥርና ከዚህ በፊት የደወልኩባቸው ቀናት መዝገባችሁ ላይ ስላሉ አልደግማቸውም።

ሐሙስ ጥቅምት 13 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባለሙያችሁ 8.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጓርኒሲዮን (የቡና መያዣው ከማሽኑ ጋር የሚገጥምበትን ጠርዝ የሚዘጋውን ጎማ) ይዞ እንደሚመጣ ቃል ተገብቶልኝ ነበር። ልኩን ያስመዘገብኩት ራሴ ነኝ፤ የተቀበለችኝ ልጅም «ስምንት ነጥብ አምስት» ብላ መልሳ አንብባልኛለች። ባለሙያው የመጣው ቅዳሜ ነው። ይዞ የመጣውም 8 ነው። «ግማሽ ሚሊ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብሎ ገጠመው፣ ማሽኑን በባዶው አንዴ አስነስቶ «ይሠራል» አለና ሄደ።

ለውጡ ይኸውላችሁ። የቡና መያዣው እጀታ ሲታሰር ፊት ለፊት መሃል ላይ ወይም ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ መቆም አለበት። በ8ቱ ግን መሃሉን አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሄዶም አይጠብቅም። ግፊቱ ወደ 9 ባር ሲጠጋ ውሃው ቡናውን ሰርስሮ ማለፉን ይተውና በጠርዙ ያመልጣል፤ በመያዣው ጀርባ ተንሸራትቶም ሲኒው ውስጥ ይንጠባጠባል። 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ሊሰጥ ሲገባው፣ ሚዛኑ 36 የሚሞላው በ17 ሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ ቡና ሳይነካ የወረደው ስንቱ እንደሆነ የገረጣው አረፋ ይናገራል። በዚህ ማኪያቶ ቢሠራ ወተቱ ይውጠዋል፤ ጠቆር ያለ ማኪያቶማ አይታሰብም።

ይህንኑ ለማስረዳት ትናንት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ወጣት መጀመሪያ «ቡናው በጣም ደቆ ይሆናል» አለ። የደቀቀ ቡና ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ አያፈጥነውም ስለው፣ «እንግዲያው ሻክሮ ነው» አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያው ቡና ደቆም ሻክሮም አረፈው። ቀጥሎ ተራው የውሃው ሆነ፤ «ኖራ ይዞት ነው»። ኖራ ቦይለርና ቱቦ ያጠባል፣ ፍሰት ይቀንሳል፤ በጎማ ጠርዝ ውሃ አያስመልጥም። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማዘር፣ ማኪያቶ ካማረዎት እኮ ካፌ ሞልቷል።»

የማንም ማዘር ሆኜ አልደወልኩም፤ ደንበኛ ሆኜ ነው። ካፌ መሙላቱንም አውቃለሁ። ይህን ማሽን «ካፌውን ቤትዎ እናመጣለን» ብላችሁ የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ቡናው ጥፋተኛ አለመሆኑን ለማየት የሚያስፈልገው አብሮ የሚመጣው ቀዳዳ የሌለው ድፍን ማጣሪያ ብቻ ነው። ቡና ሳይጨመር እሱን ከትቶ ማሰርና ማስነሳት፤ መውጫ ስለሌለው አንድ ጠብታ እንኳ ሊታይ አይገባም። ይህ ማሽን ግን በቀኝ በኩል ባለው ጠርዝ ያፈሳል። ቡና በሌለበት ቡና አይከሰስም። ባለሙያው ይህን ቢሞክር 10 ሰከንድ አይፈጅበትም ነበር። ጎማውን ሲገጥምም ሰያፍ የሆነው ጠርዝ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች መሆን እንዳለበት አላስተዋለም፤ ገልብጦት ነው የሄደው።

ነገር ከተነሳ አይቀር፦ ማስታወቂያችሁ ላይ የእንፋሎት ቧንቧው ጫፍ 4 ቀዳዳ ነው ተብሎ የመጣው ባለ 1 ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «15 ባር» የፖምፓው የመጨረሻ አቅም እንጂ ቡና የሚወጣበት ግፊት አይደለም፤ ለሚገዛው ሰው ይህን የሚነግር አንድ መስመር አልጻፋችሁም።

ከሁሉ የባሰው ግን በአማርኛ ያሳተማችሁት መመሪያ ነው። ለቅመም ሻይ «ቀረፋና ቅርንፉድ ፈጭታችሁ በቡናው ፋንታ ማጣሪያው ውስጥ ሙሉ» ይላል። ጸሐፊው ቀረፋ አፍልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የተፈጨ ቀረፋ ሙቅ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ይዝለገለግና የማጣሪያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ግፊቱ ሳይወጣ መያዣውን የሚፈታ ሰው እጁ ላይ ይፈነዳበታል። የቅርንፉድ ዘይት ደግሞ ጎማው ውስጥ ስለሚሰርግ ቀጥሎ የሚወጣው ቡና ሁሉ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። የቅመም ሻይ በጀበና ወይም በድስት ነው፦ በ1 ሊትር ውሃ ጣት የሚያህል ያልተፈጨ ቀረፋ፣ 6 ፍሬ ቅርንፉድ፣ 4 ፍሬ ሄል ሰንጠቅ ተደርጎ፣ በለዘብታ እሳት 15 ደቂቃ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከዚህ ማሳጠር አያዋጣም። ሻይ ቅጠሉ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባል፣ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ማሽኑ የሚፈለገው ለስፕሪስ ነው፤ ስኳር ያለው ሻይ ከታች ይከብዳል፣ ቡናው በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ሲፈስበት ከላይ ይቀመጣል። ለዚያም ውሃ ያልተቀላቀለበት ቡና ያስፈልጋል።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 ድረስ 8.5 ሚሊሜትር ጓርኒሲዮን በትክክል ተገጥሞ፣ በድፍኑ ማጣሪያ ፊቴ ተሞክሮ እንድትሰጡኝ፤ ባለ 4 ቀዳዳው ጫፍ እንዲመጣ፤ ስልኩን ያነሳው ወጣትም ይቅርታ እንዲጠይቅ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዓርብ ካለፈ ጥገና አልቀበልም፤ ሙሉ ገንዘቤን መልሳችሁ ማሽኑን በራሳችሁ መኪና ትወስዳላችሁ። እምቢ ካላችሁ ይህንኑ ደብዳቤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለንግድ ቢሮ አስገባለሁ። መመሪያውን ግን ዓርብን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሰብስቡት፣ ሰው ያቃጥላል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ፦ ቀድሞ የነበረውን አሮጌ ጎማ ባለሙያው ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ስለነበር አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። ጠርዙ ላይ «8.5» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ መጥታችሁ አንብቡት።