ሚዛኑ ያላየው ጉልበት

ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የደም ካንሰር ያለባቸው አረጋውያን የጡንቻ ኃይል በክትትል ጊዜ እንዲለካ ስለመጠየቅ

የ71 ዓመቱ አባቴ መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው፣ ከመቅኔ የሚነሣ የደም ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው። ለክትትል በሄድን ቁጥር መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ «ክብደታቸው አልቀነሰም፣ ጥሩ ነው» ይሉናል፤ ደስ ብሎን እንመለሳለን። ቤት ውስጥ ግን፣ ማለዳ ማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልሞ ይመለስ የነበረው ሰው ያለ ደጋፊ ከዱካ ላይ መነሣት አቃተው። ብንናገር «ዕድሜ ነው» ተባልን።

ዕድሜ ብቻ አልነበረም። ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው። ካንሰሩን ይመታል፤ እግረ መንገዱን ደግሞ በተለይ የጭንና የዳሌን ጡንቻ ያመነምናል፣ ፊትንና ሆድን ያወፍራል። ሚዛኑ የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጡንቻ ሄዶ ስብ ሲተካ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የቀረውን ጋቢው ይሸፍነዋል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን የደም ካንሰር ታካሚዎች አራት ሜትር እያስኬደ ፍጥነታቸውን መዝግቦ ነበር። እርምጃቸው የዘገመው ሳያስቡት ሆስፒታል የመግባትም ቶሎ የመሞትም ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የአውሮፓ ሐኪሞች የተስማሙበት ሌላ መለኪያም አለ፦ ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻው ደክሟል ማለት ነው።

የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። በየክትትሉ ይለካ፣ ካርዱ ላይ ከክብደቱ ጎን ይጻፍ። ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን መልሶ ያጢን፣ ፊዚዮቴራፒስትም ይጠራ። ማይሎማ አጥንትን ስለሚያሳሳ «ተንቀሳቀስ» ብሎ ማሰናበት አይበቃም፤ የቱን እንቅስቃሴ፣ ምን ያህል የሚለውን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ባለሙያዎች እዚሁ ያሠለጥናል። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ጤና መኮንኖችን አሠልጥና ገጠር ያሰማራች ከተማ ናት። አንድ ወንበርና አንድ ሰዓት አያቅታትም።

እኛም ቤተሰቦቹ ጥፋት አለብን። «አትነሣ፣ አትድከም» እያልን ውሃ እንኳ እጁ ላይ እናደርስለት ነበር፤ ለካ በፍቅር ጉልበቱን እየጨረስነው ኖሯል። የምግቡ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አረጋዊ ታካሚ ከጤነኛ ጎልማሳ የበለጠ ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው የነገረን ሰው አልነበረም። አባቴ ሁዳዴን ጀምሮ ነበር፤ ሽሮው ራሱ ከሁለት ጉርሻ አያልፍም። የንስሐ አባቱ መጥተው «ለታመመ ሰው ጾም የለበትም» ብለው ፈቱለትና እንቁላልና ወተት ጀመረ። የምግብ ባለሙያውን ሥራ የሠሩልን ቄሱ ናቸው! መጾም ለሚፈልግ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ሽንብራውን እንዴት አብቃቅቶ እንደሚበላ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ታትሞ ቢሰጥ ምን ያህል ወጪ ይሆናል?

ትናንት አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ በስልኬ ሰዓት ለካሁት፤ አምስቱን በ22 ሰከንድ ጨረሰ። ባለፈው ወር ሦስተኛው ላይ ነበር ያቆመው። ካርዱ ላይ ለዚህ የተተወ ቦታ ስለሌለ ከጀርባው በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ታካሚ ልጅ፣ ጎንደር