የተጠላ ደንበኛም ሂሳቡን ይክፈል

ውድ አዘጋጅ፣

«ለሌባ የቆመ ጠበቃ ገንዘቡ ቢበላበት ይበለው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ጠበቃ ነኝ። አባባሉ ያንገበግበኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማታለል ለተከሰሰ ሰው ልደታ ቆሜ ነበር። ስሙ በሰፈሩ ጠፍቷል፤ ጉዳዩን ሊይዝለት የፈለገ አልነበረም። ግማሹን ክፍያ ሰጠኝ። ቀሪውን «ጉዳዩ ሲያልቅ» አለ። ስምንት ቀጠሮ ተመላለስኩ። የፎቶኮፒውንም የታክሲውንም ከኪሴ ቻልኩ። በነፃ የተለቀቀ ዕለት ችሎቱ በር ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። በነጋታው ስልኩ ዝግ ነበር። እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሁሉ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጣል። መልካም ስም ላለው ብቻ አይልም። አቅም ለሌለው ደግሞ በነፃ እንቆማለን፤ እሱን በደስታ ነው የምሠራው። የሚያመኝ እያለው የሚሰወረው ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በፈረንጆቹ 2023 የቀድሞውን የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒን የራሳቸው ጠበቆች ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልከፈሉንም ብለው ከሰዋቸዋል። እሳቸው በሕግ ሙያ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የጠበቃ ድካም ይጠፋቸዋል አልልም።

እኛ ግን ደንበኛን መክሰስ እንፈራለን። ምስጢሩን መጠበቅ አለብን፤ ክሱም ሌላ ዓመት ይበላል። የጠበቆች ማኅበራችን እንዲህ ያለውን ውዝግብ በሽምግልና የሚያይ አካል ያቋቁምልን። ደንበኛም ውሉን ሲፈርም ይህን አውቆ ይፈርም።

አንድ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ