ጋሼ ቢኖሩ የቱን ይመርጡላት ነበር?

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ምክንያቱን ሳልነግርሽ ወደ ሌላ ወሬ መግባት አልችልም። የአባትሽን የጋሼን መርዶ የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። ማታ ተረጋግቼ እደውላለሁ አልኩ። ማታ አቃተኝ። በማግስቱም አቃተኝ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ወር ሲያልፍ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምን አፉ "እንዴት ናችሁ" ይላል እያልኩ ቆየሁ። እንጀራቸውን በልቼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ይቅር በይኝ። እማማንም ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እኔም እደውልላቸዋለሁ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ የስፌት መኪና ነው።

ልጄ ሚጡ 11 ዓመቷ ነው። እዚህ ሜሪላንድ አጠገባችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት አሉ፤ ክዊልት ይሰፋሉ። ትናንሽ የጥጥ ጨርቆችን ገጣጥመው ይሰፉና፣ መሐሉ ስስ ባዘቶ አስገብተው፣ ከሥር ገበር አድርገው ሦስቱን ባንድ ላይ ይሰፉታል። ብርድ ልብስ ይሆናል። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት "ታዲያ ድሪቶ አትይኝም?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ድሪቶ ነው። ግን አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች በፈረንጆቹ 2002 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ወጥቶላቸዋል። ፎቶዎቹን ለሚጡ ሳሳያት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "እኔም እሰፋለሁ" አለች።

መጀመሪያ የገዛሁላት መኪና ለልጆች ተብሎ የሚሸጥ ቀላል ፕላስቲክ ነበር። ድርብ ጨርቅ ሲገባበት ስፌት ይዘላል። ከሥር ክሩ ይተበተባል። ክር ማጥበቂያ ማላሊያ የለውም። ፔዳሉን ስትረግጪው መኪናው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተታል። አንድ ቅዳሜ ክፍሏ ስገባ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌት እየፈታች ታለቅሳለች። "እጄ ነው መሰለኝ የማይረባው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ልጅቱ መኪናው መጥፎ እንደሆነ በምን ታውቃለች? እጇን ነው የምትወቅሰው። በዚያው ቀን መኪናውን ከቤት አወጣሁት።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ የመጡብኝ። በረንዳችሁ ላይ ልብስ ሲሰፉ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው። ጋሼ ቢኖሩ የቱን ይመርጡላት ነበር እያልኩ ሁለት ወር ያህል ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ።

እኛ ሰፈር የስፌት መኪና ስሙ ሲንጀር ነው፤ ልቤም መጀመሪያ የሄደው ወደዚያው ነበር። አሁን ሲንጀር፣ የጀርመኑ ፋፍና የስዊድኑ ሁስክቫርና ቫይኪንግ ባንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አይቼ መግዛት አልፈለግኩም። 4423 የሚባለውን የሲንጀር ጠንካራ ሞዴል ሞከርኩት። ውስጡ ብረት ነው፣ በደቂቃ እስከ 1,100 ጊዜ ይወጋል። ለጂንስና ለመጋረጃ ግሩም ነው። ለ11 ዓመት ልጅ ጣት ግን ፈራሁት። ፍጥነቱን የሚገድብ ነገር የለውም፣ ያለው የእግሯ ልክ ብቻ ነው። የጃፓኑን የስፌት መኪና የጁኪን ጉልበት አንቺም ታውቂዋለሽ። ለክዊልት ተብሎ የሚሸጠው የቤት ጁኪ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰፋው፣ እሱንም በደቂቃ እስከ 1,500 ድረስ። ለሚጡ ገና ነው፣ ትደርስበታለች። የስዊዘርላንዱ በርኒና ሲሰፋ ድምፁ ራሱ ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን የጀማሪ ዋጋ አይደለም።

ጃኖሜ ልገዛ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጃፓን ውስጥ በ1921 የተጀመረ ድርጅት ነው። ስሙ በጃፓንኛ "የእባብ ዓይን" ማለት ነው፤ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ክብ ቦቢን ሲያዩት የእባብ ዓይን ስለመሰላቸው ነው አሉ። ሚጡ ይህን ስትሰማ ካልተገዛ አለች። ፍጥነት መገደቢያ ያለው ሞዴል ግን ከያዝኩት ገንዘብ በለጠብኝ።

በመጨረሻ ብራዘር ገዛሁ፣ ሲኤስ 6000አይ የሚባለውን። ወደ 200 ዶላር ገደማ ነበር። ፊቱ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትገፊው ነገር አለ፤ እሱን ወደ ዝግታው ከገፋሽው ልጅቷ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ብትረግጠውም መኪናው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እግሯ ካልደረሰ ደግሞ ፔዳሉን ነቅለሽ በእጅ ቁልፍ ማስነሳትና ማቆም ትችያለሽ። ቦቢኑ ከላይ ነው የሚገባው፤ ክዳኑ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ክሩ ሊያልቅ ሲል ይታያታል። ጨርቁ እንዳይንጠለጠል ሰፊ ጠረጴዛ አብሮት መጥቷል። ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የሚስብ የጨርቅ መጫኛ እግርም አለው። ስድሳ ዓይነት ስፌት አለው ይላሉ፤ እሷ የምትፈልገው አንዱን፣ ቀጥ ያለውን ነው። ኤሌክትሮኒክ መሆኑ አሁንም ይከነክነኛል። ጋሼ ራሳቸው ፈተው የማይገጥሙት መኪና አይወዱም ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን እሳቸው እኛን እንዳስተማሩን አስተማርኳት። ትዝ ይልሻል? ያለ ክር፣ በደብተር ወረቀት፣ መስመሩን ሳትለቂ። ሚጡ ሦስት ገጽ ወጋች። እኔም እንደ ጋሼ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሳሁላት። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሲገባ መስመሩ የት ላይ እንደተጣመመ ራሷ አየችው።

ከዚያ ሩብ ኢንች መጣ። ክዊልት ላይ ከጨርቁ ጠርዝ እስከ ስፌቱ ሁልጊዜ ሩብ ኢንች ነው፣ ከስድስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጎረቤታችን ከመርፌው ሩብ ኢንች ለክተው የመኪናው ሳህን ላይ ፕላስተር ለጠፉላት፤ የጨርቁ ጠርዝ ያን እየታከከ ይሄዳል። ከዚያ ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆነ ሦስት ጥብጣቦች አስቆረጧት። ጎን ለጎን ተሰፍተው ሲተኮሱ የመሐለኛው ልክ አንድ ኢንች መምጣት አለበት። የሚጡ አንድ ስምንተኛ ጎደለው። ምናለበት ትዪ ይሆናል። ዐሥር ቁራጭ ባንድ ረድፍ ሲሰፋ ዘጠኝ መገጣጠሚያ አለው፤ በየመገጣጠሚያው ያቺን ታህል ከበላሽ ረድፉ ከአንድ ኢንች በላይ ያጥራል፣ ከጎኑ ካለው ጋርም አይገጥምም። ፕላስተሩን በፀጉር ልክ አስጠጋችው። ሁለተኛውም ጎደለ። ሦስተኛውን ለክታ "አንድ!" ብላ ስትጮህ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ሴትየዋ የራሳቸውን መኪና ሊያሳዩን ጠሩን። የድሮ ሲንጀር ነው፣ 221 የሚባለው፣ በ1933 መሠራት የጀመረ። ጥቁር ሆኖ በወርቅማ ቀለም የተጻፈበት። አምስት ኪሎ ብቻ ነው የሚመዝነው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ክዊልት ሰፊዎች እስከ ዛሬ እየፈለጉ ይገዙታል። ሣጥኑን ሲከፍቱት ሽታው ወጣ። የመኪና ዘይትና የጨርቅ አቧራ። የበረንዳችሁ ሽታ ነው። እዚያው ሰው ቤት ቁጭ ብዬ ለጋሼ አለቀስኩ፣ ያኔ ያላለቀስኩትን። ሴትየዋ ምንም አልጠየቁኝም፤ ሻይ ቀዱልኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

የጋሼ መኪና አሁን የት ነው? ተሸፍኖ ከተቀመጠ እባክሽ አትሽጡት። ያንቺም ልጅ አሁን 12 ዓመት ይሆናታል። መስፋት ከፈለገች ከዚህ መኪና ልኪልኝ እንዳትዪኝ። የዚህ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ይቃጠላል። የጋሼ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ይሰፋል፣ እግሯ በዘገየ ልክ እሱም ይዘገያል። ጠፍሩን እይው፣ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ዘይት አጠጪውና መጀመሪያ ተሽከርካሪውን በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ እንቢ ካለሽ አታስገድጂው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከጋሼ ጠረጴዛ ሥር ቅዳጅ የሚያጠራቅሙበት ጆንያ ነበር። ካለ፣ እማማም ከፈቀዱ፣ ለሚጡ ትንሽ ላኪልኝ። ጥጥ ብቻ ይሁን። ካላወቅሽው አንድ ክር መዘሽ ለኩሺው፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይጠጥራል። የመዳፍ ስፋት ካለው ይበቃል። ለገበሩ ሦስት ሜትር አቡጀዴ ብትገዢልኝ ገንዘቡን እልካለሁ። ከእማማ አሮጌ ቀሚስም ቁራጭ ጥለት ካለ፣ ሸማው ስስ ስለሆነ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ደርቤ አሰፋታለሁ።

ሰው ሲመጣ ነው የምትልኪልኝ፣ አትቸኩዪ። ታጥቦ ይምጣ፣ መቀስ ግን አታስነኪው። ሚጡ ራሷ ትቁረጠው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልልሻለሁ።

እህትሽ