ድስቱን ሳይሆን ብልቃጡን እንመርምር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

የአልሙኒየም ድስት ለጤና ያሰጋል የሚለውን ጽሑፋችሁን ያነበበች ጎረቤቴ የሽሮ ድስቷን ይዛ መጥታ «ልጣለው ወይ ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአፍ ከገባው አልሙኒየም አንጀት የሚያሳልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እንደማይሞላ፣ ያንንም ጤነኛ ኩላሊት በሽንት እንደሚያስወግደው ነግሬ ከነድስቷ መለስኳት። እኔን የሚያሳስበኝ አንጀት የማይጠብቀው በር ነው።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ወይም አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሕመምተኛ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለዓመታት በደም ሥር ሲመገብ፣ በመድኃኒቱ ውስጥ ያለው አልሙኒየም በቀጥታ ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ኩላሊቱ ያልጠና ወይም የደከመ ከሆነም አጥንት ላይ ይከማችና ካልሲየም በወጉ እንዳይቀመጥ ስለሚከለክል አጥንቱ ይሳሳል፣ ያማል፣ ይሰበራል። በእንግሊዝ አገር ያለ ቀናቸው ተወልደው በደም ሥር የተመገቡ ልጆች ከ13 እስከ 15 ዓመት ሲሞላቸው በተደረገላቸው ምርመራ፣ የተለመደውን ምግብ የወሰዱት የወገብ አጥንታቸው ማዕድን አልሙኒየሙ ከተቀነሰለት ምግብ ከወሰዱት አንሶ ተገኝቷል።

የዚህ አልሙኒየም ዋናው ምንጭ በመስታወት ብልቃጥ የሚመጣውና በደም ሥር በሚሰጠው ምግብ ላይ የሚጨመረው የካልሲየም መድኃኒት፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ነው። ፈሳሹ ከመስታወቱ ውስጥ አልሙኒየም እየመዘዘ ስለሚያወጣ፣ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል፤ በፕላስቲክ የታሸገው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ብልቃጥ ከፕላስቲክ ይልቅ ንጹሕ ነው እየተባልኩ በፋርማሲ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝና ይህን መጀመሪያ ሳነብ ማመን አቅቶኝ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያለው ብልቃጥ አገልግሎቱ በሚያበቃበት ቀን ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ የአልሙኒየም መጠን እንዲጻፍበት ያስገድዳል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውና ያለ ቀኑ ለተወለደ ሕፃን ደግሞ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4 እስከ 5 ማይክሮግራም በላይ እየተጠራቀመ እንደሚጎዳ ያስጠነቅቃል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴ እጄ የገባውን አንድ ብልቃጥ መነጽሬን አድርጌ አገላብጬ ሳነበው ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን እንጂ ስለ አልሙኒየም አንዲት ቃል አላገኘሁበትም።

ስለዚህ መድኃኒት የሚገዙ ክፍሎች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ከዋጋው ጎን የአልሙኒየሙን መጠን ይጠይቁ፤ በፕላስቲክ የታሸገው ከተገኘም ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ቅድሚያ ይሰጥ፤ ካልተገኘ ቢያንስ በቅርብ የተመረተው ብልቃጥ ለእነርሱ ይለይ። ወላጆች ግን ይህን አንብበው ጉሉኮሱ ይነቀል እንዳይሉ አደራ፤ በአፉ መመገብ ለማይችል ሕፃን ከዚያ ሌላ ምግብ የለውም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከደሴ