ጀማሪው የስህተት መልእክቱን ያንብብ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዐምድ የድረ ገጽ ሥራና ፕሮግራሚንግ ለመማር ለሚያስቡ ጀማሪዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው መጀመሪያ የገጹን ይዘት የሚያዋቅረው ኤችቲኤምኤል፣ ቀጥሎ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ፣ ከዚያም ገጹ ለተጠቃሚው ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገው ጃቫስክሪፕት እንዲጠና መምከራቸው ተገቢ ስለሆነ በዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጽሑፉ ሳይነካው ያለፈው ጥያቄ ነው፦ ጀማሪው የጻፈው ኮድ አልሠራ ሲለው ምን ያድርግ? ሙያውን በግሌ ተምሬ የገባሁበት፣ ኋላም ከብዙ ጀማሪዎች አጠገብ ተቀምጬ የረዳሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርቱን ጀምረው ሲተዉ ካየኋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ተስፋ የቆረጡት ኮዱ እምቢ ባላቸውና የሚጠይቁት ሰው ባጡባት በዚያች ሰዓት ነው።

ሦስቱ ቋንቋዎች ስህተት ሲገጥማቸው የሚያሳዩት ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ሳለ ይህን ለጀማሪ አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው። ኤችቲኤምኤል ይቅር ባይ ነው፤ አንድ ታግ፣ ማለትም የገጹን ክፍል የሚከፍትና የሚዘጋ ምልክት፣ ሳይዘጋ ቢቀር ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) የጸሐፊውን ሐሳብ ገምቶ ራሱ ያቃናውና ገጹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈታል። ሲኤስኤስ ደግሞ የማያውቀውን ቃል ዝም ብሎ ያልፋል፤ የቀለሙ ስም ሲጻፍ አንድ ፊደል ቢገደፍ ያቺ መስመር ብቻ ሥራ ላይ ሳትውል ትቀራለች እንጂ በገጹ ላይ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይታይም። ጃቫስክሪፕት ግን መቀጠል የማይችልበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ሥራውን ያቆምና በብራውዘሩ ኮንሶል፣ ማለትም ለኮድ ጸሐፊዎች በተዘጋጀው የመልእክት መስኮት፣ ውስጥ የስህተቱን ዓይነት፣ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር በቀይ ይጽፋል። ጀማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «ቀላል»፣ ሦስተኛውን «አስቸጋሪ» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። እኔ ነገሩን የማየው በተገላቢጦሽ ነው፤ የት እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ቋንቋ ጥፋቴን ከሚሸፍንልኝ ይልቅ ብዙ አስተምሮኛል።

ለዚህ ከራሴ ልምድ አንድ ላንሣ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ፣ አዝራር ሲጫን በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚቀይር ከዐሥር መስመር የማይበልጥ ስክሪፕት (አጭር የጃቫስክሪፕት ኮድ) ነበር። አልሠራም። ኮንሶሉን በከፈትኩ ቁጥር የነል ባሕርያትን ማንበብ እንደማይቻል የሚገልጽ ቀይ ጽሑፍ ይጠብቀኛል፤ እኔም ቀዩን ገና ስመለከት መስኮቱን ዘግቼ ኮዱን ከትምህርቱ ላይ እንደገና እገለብጣለሁ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ሌላ መላ ሳጣ፣ መልእክቱን ቃል በቃል ለማንበብ ወሰንኩ። ነል ማለት «የፈለግኸው ነገር የለም» ማለት ነው፤ የመስመሩ ቁጥር ደግሞ አዝራሩን ወደምጠራበት ቦታ ያመለክታል። አዝራሩ ዐይኔ ሥር ተቀምጦ እያየሁት እንዴት «የለም» ይለኛል ብዬ ስጠይቅ፣ ብራውዘሩ ገጹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ እንደሚገነባ፣ ስክሪፕቱን ከገጹ አናት ላይ ስላስቀመጥኩት አዝራሩን በፈለገበት ቅጽበት አዝራሩ ገና እንዳልተፈጠረ ገባኝ። በስክሪፕቱ ታግ ውስጥ «ዲፈር» የሚለውን ቃል መጨመር፣ ማለትም ገጹ ተነብቦ እስኪያልቅ ስክሪፕቱ እንዲጠብቅ ማዘዝ፣ ነገሩን ፈታው። ብራውዘር ገጽን እንዴት እንደሚገነባ የተማርኩት ሁለት ቀን ስሸሸው ከነበረው መልእክት ነው፤ ዛሬም ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እርግጥ ነው፣ ጃቫስክሪፕትም ሁልጊዜ አይናገርም። ተጠቃሚው በቅጽ ላይ በሁለት ሣጥኖች 5 እና 3 ብሎ ቢሞላና ጀማሪው በመደመር ምልክት ቢደምራቸው ውጤቱ 8 መሆኑ ቀርቶ 53 ይሆናል፤ ከሣጥን የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ፣ የመደመር ምልክት ደግሞ ጽሑፍን ከጽሑፍ ስለሚቀጥል ነው። በኮንሶሉ ላይ ምንም ቀይ ነገር የለም። እንዲህ ላለው ዝምተኛ ስህተት ያለው መድኃኒት በየደረጃው ያለውን ዋጋ ኮንሶሉ ላይ እያተሙ «እኔ የመሰለኝ ይህ ነው፣ ያለው ግን ምንድን ነው?» ብሎ ማነጻጸር ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ ቶሎ ከሚገጥሙት ነገሮች አንዱም የዚሁ ወገን ነው። «ሰላም» ብሎ ጽፎ ገጹን ሲከፍት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሊታዩት ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መለኪያ፣ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ፊደላቱ በፋይል በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ትንሽ የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፤ ስለዚህ ሦስቱ ፊደላት 9 ባይት ናቸው። ብራውዘሩ ገጹ በየትኛው አጻጻፍ እንደተቀመጠ ካልተነገረውና በስህተት ከገመተ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። በገጹ ራስጌ ላይ አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የምትገልጽ አንዲት መስመር ታቃናዋለች። መስመሯን ብዙዎች ይጽፏታል፤ ለምን እንደሚጽፏት ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም።

ጽሑፉ ከሦስቱ ቋንቋዎች በኋላ በረጅሙ የዘረዘራቸውን ፍሬምወርኮች፣ ማለትም ሥራ ለማፍጠን ቀድመው የተዘጋጁ የኮድ ማዕቀፎችን፣ በተመለከተ፣ ጀማሪው እንዲጣደፍባቸው አልመክርም። ቲም በርነርስ ሊ ዌብን በሰርን የምርምር ማዕከል ሆኖ በ1989 እ.ኤ.አ. በሐሳብ ደረጃ አቀረበ፤ ሰርን በ1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በዚያ ዘመን የተጻፉ ቀላል ገጾች በዛሬ ብራውዘሮችም ይነበባሉ። ጃቫስክሪፕትም ብሬንደን አይክ በ1995 ብራውዘር ይሠራ በነበረው በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ያዘጋጀው ቋንቋ እንደመሆኑ ከጥድፊያው የተረፉ እንግዳ ጠባዮች አሉበት፤ እነዚህ ጠባዮች እስከ ዛሬ ያልታረሙት ቀድሞ የተጻፉ ገጾች እንዳይበላሹ ተብሎ ነው። መሠረቱ ይህን ያህል የጸና ሲሆን ፍሬምወርኮች ግን ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንጉላር ጄኤስ በ2010 ወጥቶ ለዓመታት በሰፊው ከተሠራበት በኋላ ይፋዊ ድጋፉ በ2021 ማብቂያ ላይ ቆሟል። ፍሬምወርክ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ እኔም በየቀኑ እሠራበታለሁ። ነገር ግን ፍሬምወርኩ የሚያወጣው የስህተት መልእክት ረጅምና በራሱ ቃላት የታጨቀ ስለሚሆን፣ አጭሩን የብራውዘር መልእክት ማንበብ ያልለመደ ሰው ረጅሙን ሊያነበው አይችልም።

አሁን ደግሞ ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አሉ። ጀማሪዎች መልእክቱን ሳያነቡት ገልብጠው ለመሣሪያው ሲሰጡ፣ የተሰጣቸውንም ሳያነቡ ሲለጥፉ አያለሁ፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል። መሣሪያው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ትክክል ባልሆነበት ጊዜ ግን ያንን ማወቅ የሚችለው የመልእክቱን ትርጉም ለብቻው የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ የምረዳቸው ጀማሪዎች ማንንም ከመጠየቃቸው በፊት መልእክቱ ምን እንደሚል በራሳቸው አማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ፤ ከሚጽፉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ስህተቱን ያገኙታል።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ዐምዱ በየጊዜው አንድ የስህተት መልእክት እየወሰደ ትርጉሙን፣ የሚመጣበትን ምክንያትና ብራውዘሩ በዚያ ቅጽበት የሚሠራውን በአማርኛ እንዲያብራራ እጠይቃለሁ። በነልና ባልተገለጸ ስም መጀመር ይቻላል፤ ቀጥሎ ፋይል ሲጠፋ ሰርቨር (ገጹን ለብራውዘሩ የሚልከው ኮምፒውተር) የሚመልሰውን 404ን፣ ሰርቨሩ ራሱ ሲሰናከል የሚመልሰውን 500ን ማንሣት ነው። ጽሑፎቹን የሚያዘጋጅ ሰው ከታጣ የመጀመሪያዎቹን እኔ ጽፌ ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ